እግዜር የማይደግመው ቆጠራ

አያ ተፈራ የሞተ ዕለት አሶሳ ሱቄ ውስጥ ለአንድ ደንበኛ ሚስማር እየመዘንኩ ነበር። የደወለችልኝ እኅቴ አመለወርቅ ናት። አመለወርቅ ስልክ ላይ ሰላምታ የምታበዛ፣ ከሰው ጤና ጀምራ የዶሮዎቹን ደኅንነት ሳትጠይቅ ወደ ጉዳይዋ የማትገባ ሴት ናት። ያን ቀን ግን ሰላም እንኳ ሳትለኝ «አያ ተፈራ አረፉ» አለችኝ። ሚስማሩን መዝኜ ጨረስኩ፤ በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠሁና ደንበኛውን ሸኘሁ። «መቼ?» ያልኳት ከዚያ በኋላ ነው።

«ጎህ ሲቀድ። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ይቀበራሉ። ትመጣለህ አይደል?»

«እኔ?»

«አንተ እንጂ ማን? ና። የምነግርህም አለኝ።»

የአገራችን ሰው ስለ ሞተ ሰው ክፉ ሊያወራ ሲያስብ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብሎ ይጀምራል። እንዲህ ካለ በኋላ የሚቀረው የለም፤ ሟቹን አጥንቱ እስኪቀር ይግጠዋል። እኔ ይህ መግቢያ አያስፈልገኝም። ሙት ልወቅስ ነው የተቀመጥኩት። ዕድሜ ልኬን አንቱ ስለው የኖርኩትን ሰውዬ እዚህ ወረቀት ላይ አንቱታውንም አንስቼበታለሁ። አመለወርቅ ብታነበው ትቆጣኛለች፤ እሷ እስከ ዛሬ «እሳቸው» ነው የምትለው።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ እናትና አባታችንን ወሎ መጠለያ ውስጥ ቀብረን ነው በሠፈራ ወደ አሶሳ የተጫንነው። እኔ አፍላ ጎረምሳ ነበርኩ፤ አመለወርቅ ከኔ ትንሽ ታንሳለች። ያወረዱን በአሶሳና በባምባሲ መካከል ካለች አንዲት አምባ ነው። አምባዋ ቁጥር እንጂ ስም አልነበራትም። ቤቶቹ ዘማች ተማሪዎች በጥድፊያ ያቆሟቸው የቀርከሃ ጎጆዎች ናቸው፤ ሣሩ ከሰው ይረዝማል፣ ዝናቡ ሲጀምር ማቆሚያውን አያውቅም። ከየወረዳው ተለቃቅመን የመጣን ሰዎች ነበርን። አጠገብህ የተኛው ሰው ማን እንደሆነ አታውቅም፤ እሱም አንተን አያውቅህም። ትልልቆቹ አልቀው ነበርና «የማን ልጅ ነህ?» ብትባል «የእገሌ» ከማለት አልፈህ የምትሄድበት መንገድ የለህም።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ አያ ተፈራ ያን ጊዜ ጠቅሞናል። ሰውየው ዘር ቆጣሪ ነበር። አገር ቤት ሳለ ርስት ሲከራከሩና ሊጋቡ ሲሉ ሰዎች እሱን ይጠሩ ነበር አሉ። ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ረሃብ እንኳ ያላጎበጠው ሰው ነው። የእርዳታ ዘይት የመጣበትን ቆርቆሮ ደፍቶ በጎጆው ደጃፍ ይቀመጥና፣ ወላጅ የሞተበት ሁሉ እየመጣ ፊቱ ይቆማል። አውራ ጣቱን በሌሎቹ ጣቶቹ አንጓ ላይ እያስኬደ «አንተ የእገሌ፣ እገሌ የእገሌ» እያለ ሽቅብ ይወጣል። እኔና አመለወርቅም ቆመናል። ስማቸውን ሰምተን የማናውቃቸውን አያቶቻችንን አንድ በአንድ ሲጠራልን አመለወርቅ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔም ያን ሌሊት ከመጠለያው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ልጅ የሆንኩ መስሎኝ ተኛሁ። ብዙው የአምባው ሰው እንዲህ ነው አያቱን ከሱ እጅ የተቀበለው።

ችግሩ እግዜር የሰጠውን ነገር የራሱ ማድረጉ ነው። መጀመሪያ «እግዜር ይመስገን፣ አልዘነጋሁትም» ይል ነበር። ቆየት ብሎ «እኔ ምን ይሳነኛል» ማለት ጀመረ። ዓመት ሳይሞላ ደግሞ የታወቀበትን አነጋገር አመጣ፤ ቆጥሮ ሲጨርስ አውራ ጣቱን መዳፉ ውስጥ ቀብሮ «እኔ የቆጠርኩትን እግዜር አይደግመውም!» ይላል። ቄሳችን መምሬ ኃይሉ ይህን በሰሙ ቁጥር ያማትባሉ። ደፍረው ግን አልገሠጹትም። መስቀላቸውን ከካድሬው ዓይን ለመሸሸግ ሸሚዛቸው ሥር ደብቀው ከኛ ጋር ማሽላ የሚያርሙ ምስኪን ቄስ ነበሩ።

አጣሂር የሚባል የአካባቢው ተወላጅ፣ የበርታ ሰው ነበር፤ በአህያ ማንጎ እየጫነ አምባችን ድረስ መጥቶ ይሸጣል። አንድ ቀን አያ ተፈራ ሰው በተሰበሰበበት ሊያሾፍበት ፈለገ።

«ስማ እስቲ አንተ፣ አባትህ ማነው?»

«አባቴ? ሐሚድ።»

«የሱስ አባት? ታውቀዋለህ?»

አጣሂር አህያውን አሠረና መቁጠር ጀመረ። ሐሚድ ወልደ እገሌ፣ እገሌ ወልደ እገሌ፣ ግማሹ የዓረብ ስም ነው፣ ግማሹ የራሳቸው። አያ ተፈራ አውራ ጣቱን እያስኬደ ተከተለው፤ አንድ እጁ ሞላ፣ ወደ ሌላው ተሻገረ፣ እሱም ሞላ። ሰውየው ገና አልጨረሰም።

«ሽማግሌ፣ ጣት አለቀ፤ አያት ግን አለ» አለው አጣሂር፤ በንቀት አይደለም፣ እንዲያው የሆነውን ነው የተናገረው። «አሁን አንተ ቁጠር። እኔ ይሰማል።»

ሰዉ ሳቀ። አብሮ ቢስቅ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አያ ተፈራ ግን ተነሥቶ ነጠላውን አጣፋና «ይሄ ስም መደርደር ነው እንጂ ዘር መቁጠር አይደለም» ብሎ ገባ። ከዚያ ወዲያ ከቤተሰቡ ማንም ከአጣሂር ማንጎ እንዳይገዛ ከለከለ። የአያ ተፈራ የገዛ ልጁ በላይ፣ የኔ እኩያ ነው፣ ማንጎ ሲያምረው እኛ ቤት እየመጣ ተደብቆ ይበላ ነበር።

የጎጆውም ነገር አለ። ዘማቾቹ የሠሩለትን ጎጆ በሩ ከአባቱ ቤት በር በሌላ አቅጣጫ ነው ብሎ አፍርሶ እንደገና ሠራው። አውሎ ነፋሱ በሩን ባዞረበት በኩል እንደሚመጣ ሁላችንም ነግረነዋል፤ አንድ ክረምት አይተነዋልና። አልሰማም። በመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያው ተነሥቶ ሄደ። ሣሩን ከየእርሻው ስንለቅምለት ውለን፣ መምሬ ኃይሉ በቀስታ «አያ ተፈራ፣ በሩን ብናዞረውስ?» ቢሉት ምን ቢል ጥሩ ነው? «ነፋሱ ነው አቅጣጫውን የሳተው።» በሩን እዚያው መልሶ አወጣው። በዓመቱ ጣሪያው እንደገና ሄደ።

ያኔ ስቀናል። አሁን ሳስበው ግን ቀልድ አልነበረም። ሰካራም ሲነጋ ያፍራል፣ ሌባ የሰረቀውን ይደብቃል፤ ኃጢአታቸውን ያውቋታል ማለት ነው። ትዕቢተኛ ኃጢአቱን ይዞ ያስቀድሳል፣ ይጾምባታል፣ እሷኑ ተደግፎ ይጸልያል። መልአክ የነበረውን ሰይጣን ያደረገችው እሷ ናት፤ ሰይጣንም የወደቀ ቀን የተሳሳተ አልመሰለውም።

አሁን ወደ ጌታሁን ልምጣ።

ጌታሁን አገር ቤት የጎረቤታችን ደብር ልጅ ነው። ከቤቱ የተረፈው እሱ ብቻ ነበር። ዝምተኛ ነው፤ ሲስቅ ግን ድምፁ ሳይሰማ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ከአመለወርቅ ጋር የተዋደዱት በኅብረት እርሻው ላይ፣ በማሽላ አረም ነው። ሰዉ በመስመር ቆሞ ሲያርም የሷ መስመር ወደ ኋላ ከቀረ ጌታሁን የራሱን ጨርሶ ከወዲያኛው ጫፍ ይጀምርላትና መሃል ላይ ይገናኛሉ። ሁለቱም የሚያውቃቸው የሌለ ይመስላቸው ነበር፤ አምባው በሙሉ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር፣ ደስም ብሎኛል። እናቷን ቀብራ የመጣች ልጅ ስትስቅ ከማየት የበለጠ ምን አለ?

ጌታሁን በወጉ ሽማግሌ ላከ። መምሬ ኃይሉ መሪ ሆነው ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ወደ እኔ መጡ፤ ታላቅ ወንድም እኔ ነኝና። አያ ተፈራን አልላከውም። ተንኮል አልነበረበትም፤ ቄስ እያለ ሌላ መሪ መፈለግ አልታየውም። አያ ተፈራ ግን የፊተኛው ወንበር ሁሉ የሱ ይመስለው ነበር። የተጠራው በማግሥቱ እሑድ፣ ለቆጠራ ብቻ ነው። በኛ ደንብ እስከ ሰባት ቤት ዘመድ የሆነ አይጋባም፤ ስለዚህ ከቃል ኪዳን በፊት ዘር ይቆጠራል። ቆርቆሮውን በልጁ አስይዞ መጣ፣ ግቢያችን ውስጥ ተቀመጠ፣ ሰላምታችንን በአፍንጫው ተቀበለ።

በመጀመሪያው ዙር ቆጠረና ምንም አላገኘም። አመለወርቅ ከጎጆው ውስጥ በቀርከሃው ክፍተት ስታይ ነበር፤ እፎይ ስትል ሰማኋት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ቀልድ ወዳድ ሰው፣ «አያ ተፈራ፣ ዛሬስ ጣትዎ ባዶውን ተመለሰ!» አለ። ሰዉ ሳቀ።

የሰውየው ፊት ሲለወጥ አየሁት። «ቆይ» አለ። «ማን ጨረስኩ አለህ?» እንደገና ከላይ ጀመረ፤ አሁን ግን የሚቆጥር ሳይሆን የሚያድን ሰው ይመስላል። መሃል ላይ አውራ ጣቱ ቆመ።

«የጌታሁን ቅድመ አያት ወልዴ ነው። የዚች ልጅ ቅድመ አያት ደስታ ናት። ወልዴ እንግዳ የሚባለው ሰው ልጅ። ደስታ የእንግዳ ልጅ። የአንድ አባት ልጆች ናቸው፤ ሥጋ ናችሁ!» አውራ ጣቱን መዳፉ ውስጥ ቀበረ። «እኔ የቆጠርኩትን እግዜር አይደግመውም።»

ነገሩ በዚያ አበቃ። መምሬ ኃይሉ ሥጋ ለሥጋ አጋብተው ሊባርኩ አይችሉም። ካድሬው ጉዳዩን ሰምቶ «ይሄ የፊውዳል አጉል ልማድ ነው፤ እኛ እናጋባችሁ» ብሎ ነበር፤ አመለወርቅ እምቢ አለች። «ወንድሜ ከሆነ ኃጢአት ነው፣ ካልሆነ ደግሞ በእግዜር ፊት ነው የማገባው» አለችው። ጌታሁን ከዚያ ወዲህ የራሱን መስመር ጨርሶ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። የሷ መስመር ወደ ኋላ ይቀራል።

ወራት ካለፉ በኋላ ባምባሲ ገበያ ላይ እማማ ስንዱን አገኘኋቸው። ሌላ አምባ የሠፈሩ አሮጊት ናቸው፤ አነጋገራቸውን ሰምቼ የኛ ወረዳ ሰው መሆናቸውን አወቅሁና ጨዋታ ጀመርን። የወልዴን ስም ሳነሣ ሳቁ። «የቱ ወልዴ? ታዝሎ የመጣው?» አሉ። እዚያው ገበያው መሃል እጃቸውን ይዤ ነገሩን ሁሉ አስነገርኳቸው። በሚቀጥለው እሑድ አህያ ተከራይቼ አምባችን ድረስ አመጣኋቸው።

ሰዉ አምባው መሃል ባለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። እማማ ስንዱ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ተናገሩ።

«እኔ ወልዴን ሸምግሎ በዓይኔ አይቸዋለሁ፤ ልጅ ነበርኩ። እናቱ ባሏ ሞቶባት ከሌላ አገር ነው የመጣች፣ ወልዴን በጀርባዋ አዝላ። እንግዳ እሷን አገባ፣ ልጁን አሳደገው። አሳደገው እንጂ አልወለደውም። የወለደው ደስታን ነው፣ ያውም ከፊተኛ ሚስቱ። ካላመናችሁኝ ርስቱን ጠይቁ። የእንግዳ ልጆች ርስት ሲካፈሉ ወልዴ ስንዝር መሬት አላገኘም። የደም ልጅ ቢሆን ማን ይከለክለው ነበር? ይሄን አገሩ ሁሉ ያውቃል።»

እኔ እማማ ስንዱን አልነበረም የማየው። አያ ተፈራን ነበር። አውራ ጣቱ አንጓው ላይ ሆኖ ይከተላቸው ነበር፤ «ርስት» ሲሉ ቆመ። ዓይኑ ወደ መሬት ሄደ። የርስት ክርክር እየዳኘ ያረጀ ሰው ርስት የሌለው ልጅ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

መምሬ ኃይሉ ተነሥተው አጠገቡ ሄዱ፤ እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ። «አያ ተፈራ፣ ሰው ነዎትና ቢስቱ አይደንቅም። አንድ ቃል ነው። ‘ተሳስቻለሁ’ ይበሉ፣ ልጆቹን እንባርካቸው። እኛም እናከብርዎታለን።»

ጌታሁን ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። አመለወርቅ ከሴቶቹ መሃል እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ሰውየው ከተቀመጠበት ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ቀጥ አለ።

«ሴትዮዋን ረሃብ አዙሯታል» አለ። «የአንዲት ባልቴት ወሬ የኔን ቆጠራ አያፈርሰውም። ከአገር ሁለት ምስክር ይምጣ፣ ያኔ እሰማለሁ።»

ሁለት ምስክር ከወሎ! ሠፋሪ ያለ ፈቃድ ከአካባቢው አይወጣም፤ ፈቃድም የሚሰጥ የለም። ሊሆን የማይችል መሆኑን እያወቀ ነው የጠየቀው። እኔ ጮኽኩ፤ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ያስገረመኝ ግን የሌላው ሰው ዝምታ ነው። ቀስ ብሎ ነው የገባኝ። አጠገቤ የቆመ አንድ ጎልማሳ ለጓደኛው «እሳቸው እዚህ ከሳቱማ የኔንስ አያት በምን አውቃለሁ?» ሲለው ሰማሁ። አያ ተፈራ ከተሳሳተ የሁሉም ሰው አያት ይናጋል። ስለዚህ ሰዉ ሁለቱን ልጆች ትቶ አያቶቹን ያዘ። እማማ ስንዱን ወደ አምባቸው ስመልሳቸው መንገዱን ሙሉ «እኔ ምን ቸገረኝ ብዬ እዋሻለሁ? እኔ ምን ቸገረኝ?» እያሉ ነበር።

ዋሸ እላለሁ ብላችሁ ከጠበቃችሁ፣ መጀመሪያ ላይ አልዋሸም። መጀመሪያ ላይ በኩራቱ ዓይኑ ታውሮ ያላየውን አየሁ ብሎ ነው፣ ራሱም አምኖበታል። ውሸታም እውነቱ የት እንዳለ ያውቃልና አንድ ቀን ሊመለስባት ይችላል። ስለ ራሱ ያለው ግምት የዓይኑን ብርሃን የወሰደበት ሰው ግን በምን ይመለሳል?

ጌታሁን አንድ ማለዳ ወደ እርሻ የሚሄድ መስሎ በራችን ላይ መጣ። ዶማውን ለኔ ሰጠኝ።

«ሁለት ሰው አይደል ያሉት?» አላት አመለወርቅን። «አመጣለሁ። አገር ቤት የቀሩ አይጠፉም።»

«በየት በኩል? ይይዙሃል እኮ!»

«በዐባይ። ተሻግሬ በጎጃም በኩል እወጣለሁ። ለመስቀል ባልደርስ ለጥምቀት እደርሳለሁ።»

ቆሎ ቋጠረችለት። አልከለከለችውም፤ ለምን አልከለከልሽውም ብዬ ስጠይቃት «ፊቱ ደስ ብሎት ነበር» አለችኝ። ሣሩ ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ አየነው።

አልተመለሰም። ዐባይ ወሰደው የሚል ወሬ መጣ። ይዘውት ጦር ሜዳ ላኩት የሚልም መጣ። ሱዳን ገብቶ አየሁት ያለም ነበር። አመለወርቅ አንዱንም አላመነችም። ደርግ ወድቆ ብዙ ሠፋሪ ወደ ወሎ ሲመለስ፣ እኔም ንግድ ብዬ አሶሳ ከተማ ስገባ፣ እሷ ከአምባው አልነቃነቅ አለች። «ቢመጣ እዚህ ነው የሚፈልገኝ።» ጠያቂ አልጠፋም ነበር፤ አላገባችም። ሞቷል ብላ እንዳታለቅስ የሞተ መሆኑን አታውቅም። ብታለቅስስ ምኗ ነው ተብሎ? እጮኛዋ ተብሎ እንዳይለቀስለት ዘመድሽ ነው ተብላለች። ዘመዷ ነው ብላ ለቅሶ እንዳትቀመጥለት ዘመዷ አይደለም። ለጌታሁን ድንኳን አልተተከለም፣ ተዝካር አልወጣም፣ እዝን አልተበላም።

አያ ተፈራስ? ደህና ኖረ። ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ከፊት መስመር ቆመ፤ ጾም አላጎደለም፣ ቅዳሴ አላስታጎለም። በዕድር ስብሰባ ሰዉ ይነሣለት ነበር። እኔ አምባው ስሄድ መንገድ ላይ ካገኘሁት አሻግሬ አያለሁ። እሷ ግን ዝቅ ብላ ሰላም ትለዋለች። ይህን ሳይ ደሜ ይፈላል።

ለቀብሩ የሄድኩት ለሱ ብዬ አይደለም፤ የምነግርህ አለኝ ስላለችኝ ነው። ማለዳ ደረስኩ። ፊቴን ለመታጠብ ውሃ ስታፈስልኝ ነገረችኝ።

ከመሞቱ በፊት በነበረው ማታ አስጠርቷታል። ቤተሰቡን አስወጥቶ እሷን ብቻ አልጋው አጠገብ አስቀመጣት።

«አመለ» አላት፣ «ወልዴ ታዝሎ የመጣ ነው።»

ቀና ብላ አየችው።

«አባቴ ነግሮኝ ነበር። ዘንግቼው ኖሮ፣ ሴትዮዋ ርስት ስትል ትዝ አለኝ።»

«እዚያው?»

«እዚያው።»

«ታዲያ ምነው አባባ? ምነው አንድ ቃል?»

«ሰዉ ሁሉ ያየኝ ነበር» አላት።

ውሃው በእጄ ላይ ሲፈስ ቆየ። እጄን መታጠቤን ረስቼው ነበር።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«‘ይቅር በይኝ’ አሉኝ። ‘ለሰው ግን አትንገሪ’ አሉኝ።»

እንግዲህ ይህ ነው ሰውዬው። ነፍሱ በአፍንጫው ቀዳዳ ላይ ሆና፣ ፈጣሪው ፊት ሊቆም ሰዓታት ሲቀሩት፣ የሰው ዓይን ነው የሚያስፈራው። የውሃውን ጣሳ ከእጇ ነጥቄ ወረወርኩት።

«ምን አልሽው?»

«ይቅር ብዬዎታለሁ አልኳቸው። ግን ዝም አልልም። ጌታሁን ይሄን ቃል ፍለጋ ነው ከዚህ የወጣ፤ ቃሉ እዚሁ እርስዎ ዘንድ ተቀምጦ። አልኳቸው።»

«እሱስ?»

«ወደ ግድግዳው ዞሩ።»

ቀብሩ ተፈጸመ። ሰዉ ወደ ድንኳኑ ተመለሰ፤ ዕድሩ ትልቁን ድንኳን ነበር የተከለለት። ከዕድሩ ሽማግሌዎች አንዱ ተነሥቶ «አባታችን አያ ተፈራ፣ አያቶቻችንን ያቆዩልን» እያለ ረጅም ምስጋና ተናገረ። ሲጨርስ አመለወርቅ ተነሣች። ሴት ልጅ ያን ሰዓት ስትነሣ ሙሾ ልታወርድ የመሰለው ሰው ነጠላውን አስተካከለ። እሷ ግን እንደ ወትሮ ድምፅዋ ነው የተናገረችው።

«አያ ተፈራ ሳይሞቱ ነግረውኛል። ወልዴ ታዝሎ የመጣ ነው። ጌታሁን ዘመዴ አልነበረም፤ እጮኛዬ ነበር። ይቅር ብያቸዋለሁ፣ እግዜርም ይቅር ይበላቸው። እኔ ግን ለጌታሁን አላለቀስኩም። አልቅሱልኝ።»

ተቀመጠች። ያን ጊዜ በማንጎው ዛፍ ሥር ከነበሩት ውስጥ በሕይወት ያሉት ጥቂት ናቸው፤ አንገታቸውን ደፉ። አንዲት አሮጊት፣ በዚያን ዘመን ከኛ ጋር በአንድ መስመር ታርም የነበረች፣ ከመሃል «ወየው ጌታሁን! ወየው ትከሻህ!» ብላ ጮኸች። ሌላዋ ተቀበለቻት። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ፣ ጌታሁንን ጭራሽ የማያውቁት ወጣቶች ሳይቀሩ፣ አለቀሰ። ለአያ ተፈራ በተተከለው ድንኳን ውስጥ፣ የአያ ተፈራ ለቅሶ ተረስቶ፣ ለጌታሁን ተለቀሰ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። እያለቀስኩ ደስ አለኝ፤ ሰውዬው ከሞተ በኋላ እንኳ የፊተኛውን ወንበር መልቀቁን አይቻለሁ።

በላይ፣ ልጁ፣ ፀጉሩ ሸብቶ በድንኳኑ በር ቆሞ ነበር። አባቱን ቀብሮ የመጣ ሰው ነው፤ ሰዉ ግን ወደሱ የሚያይ የለም። ነጠላውን እንዳደገደገ ወንበሮቹን አልፎ መጣና አመለወርቅ ፊት ቆመ። እጄን ጨበጥኩ፣ ክፉ ሊናገራት ነው ብዬ።

«እታለም» አላት፣ «እኔም ለጌታሁን ልቀመጥለት?»

አመለወርቅ ጠጋ ብላ በአግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቀችለት። እኔ ብሆን አልለቅለትም ነበር።